ከአንድ ውርወራ ስንት ሩጫ

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ድምፁ እንደጠበቅኩት ከባድ አልነበረም። እንደ ማቀዝቀዣ በር ለስለስ ብሎ ገጠመ። ክፍሉ ውስጥ ተደራራቢ አልጋና የብረት መጸዳጃ አለ፤ እጆቼን ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ እነካለሁ። የወለል ማጽጃ ይሸታል። በሀገሬ ጋዜጣ ላይ በጻፍኩት ሁለት ጊዜ ታስሬ ስለነበር እስር ቤት አላስደነገጠኝም። ያሸማቀቀኝ፣ ሳንፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ በሌላ ሰው ፓስፖርት ደርሼ «ጥገኝነት እፈልጋለሁ» ባልኩ ማግስት የእስረኛ ልብስ መልበሴ ነው። ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ቦታው ከኦክላንድ ግማሽ ሰዓት የሚያስነዳ፣ ኢሚግሬሽን እንደኛ ያሉትን የሚያቆይበት እስር ቤት ነበር።

የታችኛው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የስሪላንካ ታሚል ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ሂሳብ አስተምረዋል። በሀገራቸው የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች ወስደዋቸው ስለነበር የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎን አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግራቸው። በአፌ «ቲቸር» አልኳቸው። ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ያስተማሩኝ ህንዳዊ ስለነበሩ የእንግሊዝኛ አነጋገራቸው ባዳ አልሆነብኝም።

በቀን አንድ ሰዓት ሲሚንቶ ግቢ ያወጡናል። ሌላው ጊዜ የክፍሉ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ላይ፣

«ክሪኬት ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ሥራ አገኘን።»

ኳሷን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከብርድ ልብሴ ጫፍ ክር እየመዘዝኩ በተጠቀለለ ካልሲ ላይ ጠመጠምኩት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የብርድ ልብሱ ጫፍ ሁለት ስንዝር ያህል ተተልትሎ ቀረ። ለመምቻ ጋዜጣ አጥብቀን ጠቀለልን። ቲቸር ወለሉ ላይ በሳሙና ሁለት መስመር አሰመሩ።

«ጨዋታውን በሙሉ እርሳው» አሉኝ። «አንድ ውርወራ ብቻ ያዝ። ከአንድ ውርወራ ስንት ይገኛል?»

ነጥቡን «ረን» ይሉታል፤ ሩጫ ማለት ነው። ሁለት መቺዎች ሃያ ሜትር ያህል ተራርቀው፣ አንዱ እዚህ ጫፍ አንዱ እዚያ ጫፍ፣ ሦስት ሦስት እንጨት ከተተከለበት ፊት ይቆማሉ። የተወረወረለት ሰው ከመታ በኋላ ሁለቱም ይሮጣሉ፤ ተላልፈው ቦታ ከተለዋወጡ አንድ። ኳሷ ገና ሩቅ ከሆነች ይመለሳሉ፤ ሁለት። በየዙሩ መምቻው ከመስመሩ ወዲያ መሬት መንካት አለበት። አንዱ አሳጥሮ ከተመለሰ ያ ሩጫ አይቆጠርም።

«ኳሷ ተንከባላ የሜዳውን ዳር ከነካችስ?»

«ሳትሮጥ አራት። መሬት ሳትነካ ከዳሩ ካለፈች ስድስት።»

«ካልመታኋትስ?»

«እሱም መልስ አለው። ወርዋሪው አርቆ ከጣላት፣ ወይም እግሩ መስመሩን ካለፈ፣ ምንም ሳትሠራ አንድ ታገኛለህ። ከኋላህ ያለው ሰው ካመለጠችውም መሮጥ ትችላለህ።» ከዚያ ጣታቸውን አነሱ። «አሁን ሂሳቡን ሥራ። ሁለት ጊዜ ሮጣችሁ ጨረሳችሁ። ተከላካዩ ኳሷን ወደ እንጨቶቹ ሲመልስ ስቶ ከሜዳው ዳር አወጣት። ስንት?»

«አራት።»

«ስድስት። የሮጣችሁት አይጠፋም፤ የእሱ ስህተት ይጨመርበታል።»

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ወደ ግቢው ስንወጣ አብረን እንሮጣለን፤ እሳቸው በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ከእኔ ይቀድሙ ነበር። ሲስቁ የሰማኋቸው እዚያ ነው።

ሌሊት ሌሊት ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ጣታቸውን ሲያሻሹ አይቼ ብርድ ልብሴን ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ብርድ ልብስ የሳቸው አልጋ ላይ ነበር።

በዚያው ሰሞን የሚያስተረጉሙልኝ ጋሼ መጡ። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው የቀሩ፣ ኦክላንድ ቴሜስካል ሰፈር የሚኖሩ ሰው ናቸው። በመስታወቱ በኩል ስልኩን አነሱና፣

«ስማኝ ልጄ» አሉኝ፣ «የፓሮል ሪክዌስትህ ገብቷል። ማክሰኞ ፋይልህን ሪቪው ያደርጉታል። አንድ ራይት አፕ ካገኙ ዲናይ ነው የሚያደርጉህ። እስከዚያ ኳይት ሁን፤ ገባህ?»

«ገባኝ ጋሼ።» ፓሮል ጉዳዬ ውጭ ሆኜ እንዲታይ መለቀቅ፣ ራይት አፕ ደግሞ በጠባቂዎች የተመዘገበ ጥፋት መሆኑን እዚያው ተምሬ ነበር።

ፍተሻው ሐሙስ ሆነ። ጠባቂው ፍራሹን ሲገለብጥ ኳሷ ወደቀች። ከዚያ ብርድ ልብሱን አነሳና የተተለተለውን ጫፍ ዘረጋው።

«ይሄን የቀደደው ማነው?»

ቲቸር አዩኝ። ረጅም እይታ አልነበረም፤ ተራዬ መሆኑን የሚነግር ብቻ ነበር። እኔ ነጠላ ጫማዬን አየሁ። አውራ ጣቱ ጋ ተሰንጥቋል። ያን ስንጥቅ ዛሬም ልሥለው እችላለሁ።

«የኔ አልጋ ላይ ነው ያለው» አሉ ቲቸር።

«ስለዚህ ያንተ ነው?»

«የኔ አልጋ ላይ ነው» አሉ እንደገና። አልዋሹም። አላጋለጡኝምም። ሰባት ቀን ለብቻ ክፍል ተፈረደባቸው። ሲወጡ መነጽራቸውን ረስተው ስለነበር አቀበልኳቸው። «አመሰግናለሁ» አሉኝ።

እሑድ ሌላ ጠባቂ በሩን ከፍቶ ስማቸውን ጠራ። ጠያቂ መጥቶላቸዋል። ልጃቸው ነው፤ ከቶሮንቶ። ስድስት ዓመት አልተያዩም። ይመጣል ብለው አንድም ቀን አልነገሩኝም ነበር፤ ምናልባት ሳይመጣ ቢቀር ብለው ፈርተው ይሆናል።

«ለብቻ ክፍል ናቸው» አልኩ።

«እንግዲያው መጠየቅ አይችልም» ብሎ ዘጋው።

ያኔም መናገር እችል ነበር። ልጁ ታች እየጠበቀ ነው። ተነስቼ በሩን ልደበድብ እጄን አነሳሁ፤ ማክሰኞ ትዝ አለኝና መልሼ አወረድኩት። ምሳ ሲመጣ በላሁ። ይህንንም ልጻፈው፤ በላሁ።

ማክሰኞ ፓሮሉ ተፈቀደልኝ። ሰኞ ትወጣለህ ተባልኩ። ረቡዕ ወረቀት ለምኜ፣ ብርድ ልብሱን የቀደድኩት፣ ኳሷንም የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ በእንግሊዝኛ ጽፌ ለጠባቂዎቹ አለቃ ለሳጅኑ ወሰድኩ። አነበበው።

«ጉዳዩ ተዘግቷል። መውጣት አትፈልግም እንዴ?» አለና ወረቀቱን መለሰልኝ።

ተቀበልኩት። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ሐሙስ ቲቸር ተመለሱ፤ ጢማቸው አድጓል፣ ከስተዋል። የልጃቸውን መምጣት እዚያው ሆነው ሰምተዋል። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ እርሳስ ጠየቁኝ። የተሳሳትኩትን ሁለት ፊደል አረሙ፤ አንድ ቦታ ላይ፣ «ተቀደደ» የሚለውን ሰርዘው «ቀደድኩ» ብለው ጻፉ።

«አሁን ልክ ነው» አሉና መለሱልኝ። ስለ ልጃቸው አላነሱም።

በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ እንደገና ወሰድኩት። ሳጅኑ ሊመልስልኝ ሲል እጆቼን ወደ ኋላ አደረግኩ። ትከሻውን ነቀነቀና ፈርሞ ፋይል ውስጥ ከተተው። መውጫዬ በአምስት ሳምንት ዘገየ። የቲቸር መዝገብ ተስተካከለ። ልጃቸው ግን ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር፤ እኔ እዚያ እስከነበርኩ ድረስ ዳግመኛ አልመጣም። ከወጣሁ በኋላ የጻፍኩላቸው ደብዳቤ «ተዛውሯል» ተብሎ ተመለሰ። በኋላ በጠበቃዬ በኩል አፈላለግኩ፤ አላገኘኋቸውም።

አሁን ሳን ሆዜ ነው የምኖረው። ልጄ ማውንቴን ቪው ትሠራለች፤ የመሥሪያ ቤቷ ልጆች እሑድ እሑድ ክሪኬት ስለሚጫወቱ አንድ ቀን ይዛኝ ሄደች። ሣር ላይ ተቀምጠን ስንት እንደተቆጠረ ግራ ሲገባት አስረዳኋት። የት እንደተማርኩ ጠየቀችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨርሼ ነገርኳት። የበላሁትን ምሳ ሳይቀር።

«ዋይ ዲድንት ዩ ጀስት ቴል ሂም?» አለችኝ፤ ለምን ለጠባቂው አልነገርከውም ማለቷ ነው።

ብዙ ነገር ማለት ይቻል ነበር፤ ስለ ፋይሉ፣ ስለ ፓሮሉ፣ ብመለስ ስለሚጠብቀኝ።

«ፈራሁ» አልኳት።

ልጄ አማርኛ ብዙ አትናገርም። ያን ቃል ግን ሳልተረጉምላት ተረዳችው።