ሞተሯን የማትሸጠው ሴት

ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ፣ ከአብዱልባሲጥ መለዋወጫ ሱቅ ደጃፍ፣ አንዲት ረጅም ሴት አሮጌ ሞተርሳይክል አጠገብ ተንበርክካ አየኋት። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ቋጥራዋለች። የተጫማችው የወንድ ጫማ ነው፤ ይሰፋታል። አዲስ ያስገጠመችው ካርቡሬተር ቤንዚን ያፈሳል።

"እህቴ፣ ዕቃው አዲስ ነው፤ ያረጀው ሞተሩ ነው። ሽጪውና እረፊ" አላት አብዱልባሲጥ።

"ሞተሩ ደህና ነው" አለች ቀና ሳትል፣ የአማርኛ ቃላቱን ቀስ ብላ እየመረጠች። "ባሌ በሕይወት እያለ መንገድ ላይ ቀርቶ አያውቅም። አሁንም አይቀርም።"

ካርቡሬተሩን ፈታችው። ውስጡ ያለችው የቤንዚን ልክ ጠባቂ ተንሳፋፊ ከልክ በላይ ከፍ እያለች ቤንዚኑን ዘግይታ ነበር የምትዘጋው። ተንሳፋፊዋን የያዘውን ቀጭን ብረት በካቻቢቴ ጫፍ በጥቂቱ አጎበጠችና መልሳ ገጠመች። መፍሰሱ ቆመ።

አብዱልባሲጥ ሞተሩን ሊያስነሳላት ቢጠጋ በእጇ ከለከለችው።

"እኔ ነኝ የማስነሳው።"

ረገጠችው፤ አጉረመረመና ጠፋ። ደግማ ስትረግጠው ተነሳ።

"ወዴት ነሽ ታዲያ?" አላት፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ።

"ኩሌ የስደተኞች ካምፕ። አዋላጅ ነኝ፤ እናቶች ይጠብቁኛል።"

አንገቷን ቀጥ አድርጋ በገበያው መሃል ዝግ ብላ ነዳች፤ ሰው ሁሉ እንዲያያት የፈለገች ትመስል ነበር።