የሮቤው ቤት መጋረጃ

አሰላ ከማስተምርበት ክፍል ሲወስዱኝ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የተተረጎመ የወጣቶች ልብ ወለድ ነበር። ከተማሪዬ የቀማሁት ነው፤ ጉደኛዋ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዴስክ ሥር ደብቃ ስታነብ ያዝኳት። ፈታሹ ፖሊስ ገለጥ ገለጥ አድርጎ «የልጆች ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ የሲሚንቶው ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል። አብረውኝ የታሰሩት የኢተያ ስንዴ ነጋዴ ነበሩ፤ የእናቴ እኩያ ስለሆኑ አዴ እላቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቷ ስትገባ ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር።

ታሪኩ እህቷ ስለጠፋችባት ልጅ ነው። «መጨረሻ ያየሻት አንቺ ነሽ፤ አስታውሺ» ይሏታል፣ በቁጣ ሳይሆን እያባበሉ። ቀስ በቀስ ታስታውሳለች፦ ወንዝ ዳር ስትገፈትራት፣ የእህቷ ቢጫ ጫማ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ።

«ያ ረቢ! ገደለቻት?» አሉ አዴ። «ቀጥይ እንጂ ቲቸር!»

ገጹን ገለጥኩ። ቢጫው ጫማ ቁም ሳጥን ውስጥ ተገኘ። አዲስ ነው፤ ተደርጎ እንኳ አያውቅም። ልጅቷ ያስታወሰችው ሁሉ ያልሆነ ነገር ነበር።

ክው አልኩ። መጽሐፉ ከእጄ ወደቀ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«አዴ፣ ዛሬ ጠዋት ለመርማሪው ስለ መጋረጃ ነገርኩት።»

መርማሪው ጮኾብኝ አያውቅም። ሻይ ያስመጣልኛል። «ሮቤ በምስጢር የተሰበሰባችሁበትን ቤት አስታውሺ እንጂ፣ እህቴ» ይለኛል በየቀኑ። ያን ጠዋት አስታወስኩት! አግዳሚ ወንበር፣ አረንጓዴ መጋረጃ። በማግስቱ በዚህ ቃሌ ላይ ልፈርም ነው፤ ከፈረምኩ ደግሞ ወህኒ ወርጄ መቅረቴ ነው። እኔ በሕይወቴ ሮቤን ረግጬ አላውቅም።

«ታዲያ መጋረጃውን የት አየሽው?»

«እኔ ምን አውቄ!» አልኩና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሲያስሩኝ እንኳ እንደዚያ አልደነገጥኩም። አዴ በነጠላቸው ጠቅልለው ያዙኝ።

በማግስቱ ወረቀቱና እስክሪብቶው ከሻዩ ጋር ቀረበ። ሻዩን ወደ እሱ መለስ አደረግኩት።

«ሮቤ ሄጄ አላውቅም።»

«ትናንት በአፍሽ ነግረሽኝ!»

«ውሸት ነው። እኔም አምኜው ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛውን ደበደበው። አልፈረምኩም።

ስፈታ መጽሐፉን ለተማሪዬ መለስኩላት። «ቲቸር፣ አነበቡት እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ዛሬም በመናኸሪያው ሳልፍ ረዳቶቹ «ሮቤ! ሮቤ!» እያሉ ይጠራሉ። እስከ አሁን አልሄድኩም። ዓይኔን ስጨፍን ግን መጋረጃው አለ፤ አረንጓዴ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ተቀዷል።