ኡልፎፌ ያልኩ ቀን

ጆሮሽን ወደ በሩ አስጠጊ። ይሰማሻል? ያ ጠሽ ጠሽ የሚለው ተልባ ነው። ላንቺ ነው የምቆላው። ሽታው በበሩ ሥር ሲገባልሽ ሆድሽ ራሱ ይደነግጣል፣ ጠብቂ።

አትግፊ! ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ሽንት ቤት የገባ ሰው ሌላ ሥራ የለው፣ ያለው ጆሮ ብቻ ነውና ስሚኝ። እኔን አያትሽን «አኮ፣ ዳይት ጀመርኩ» ብለሽ እንጀራውን ተውሽ፣ ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ሥጋ አልሽ፣ ይኸው አምስተኛ ቀንሽ። ወገቤ ይቅጠን ብለሽ ሆድሽ ከበሮ ሆነ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት እንኳን የገባ ነገር መውጫ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። አትሳቂ፣ ስትስቂ ይጠብቅብሻል።

እኔ የተልባ ሽታ ሲመጣብኝ ነገር ይጠፋብኛል። ጉልበቴ አያመኝም፣ ጥርሴም ይመለሳል። የሃያ ዓመት ሙሽራ እሆናለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ነበር ዓባይን አሻግረው ነቀምት ያመጡኝ። እኛ ጋ ጎጃም የበላሁት ምን ነበር? እንጀራ በሽሮ፣ ጎመን፣ የባቄላ ንፍሮ፣ የገብስ ቆሎ። ሆዴም ሰዓቱን ያውቃል፤ ጎህ ሲቀድ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ብቅ ማለት ነው፣ ወፍም አያየኝ። እዚህ ስመጣ ሙሽራ ናት ተባለና ቅቤ፣ አይብ፣ ሥጋ፣ ደግሞ ቅቤ። ጎረቤቱ በየተራ ጩምቦ ይዞ ይመጣል፤ ያ ወፍራም ቂጣ ቅቤው ላዩ ላይ ተኝቶበት። በዓለ ሃምሳ ነው፣ ጾም የለ፣ ማምለጫ የለ። እምቢ ብትይ «ንቃን ነው» ይላሉ።

ሽንት ቤቱ ደግሞ ከጓሮ ነው። የቆርቆሮ በር ነበረው። ወይ ያ በር! ሲከፈት ሲጢጢጥ ብሎ ሲጮህ መንደሩ ሁሉ ሙሽሪት መውጣቷን ያውቃል። እዚያ ለመድረስ ደግሞ አማቴ ከሚቀመጡበት በርጩማ ፊት ለፊት ማለፍ ነው። እኔ ምን አደረግኩ? ያዝኩት። ዛሬ ያዝኩት፣ ነገ ያዝኩት፣ ከዚያ እሱ ያዘኝ።

አማቴ፣ ያንቺ ቅድመ አያት ማለት ነው፣ ረጅም ቀጭን ሴት ነበሩ፣ ነጠላቸው ሁሌ ነጭ። ብዙ አይናገሩም፣ ሲያዩሽ ግን ከወገብሽ ነው የሚጀምሩት። ያላቸው አንድ ልጅ ባሌ፣ አያትሽ ብቻ ነበር። ከጓዳ ሆኜ ጸሎታቸውን እሰማ ነበር፤ «የልጄን ልጅ ሳልታቀፍ አትጥራኝ» ይሉ ነበር። አያትሽ ያን ጊዜ የስፌት መኪናውን ጭኖ ሰኞ ወደ ኡኬ ገበያ ይወርዳል፣ ቅዳሜ ይመለሳል። ቤት ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነን፣ እሳቸውም ወገቤን ያያሉ።

ቆይ፣ እንዳያርብኝ ላማስለው።

እና ከአጥሩ ማዶ ወፍጮ ቤት ነበር። ወንዶቹ የበቆሎ ጆንያ ሲያነሱ «ኡልፋታ! ኡልፋታ!» ይላሉ። ከባድ ማለት እንደሆነ ገባኝ። ሌላ ቀን ሴቶቹ ስለ አንዲት ጎረቤት ሲያወሩ «ኡልፎፍቴ፣ ኡልፎፍቴ» ሲሉ ሰማሁ። እኔ ብልጧ ምን አልኩ? ለጆንያ ሲሆን ኡልፋታ፣ ለሴት ሲሆን ኡልፎፍቴ ነው፣ ያው ክብደት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከያዘኝ በስድስተኛው ቀን አጥሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር፣ መራመድ አቅቶኝ። አዴ የምንላቸው የኦሮሞ ጎረቤታችን ሲያልፉ አዩኝ። አማርኛቸው እንደኔ ኦሮምኛ ነው፣ እፍኝ አይሞላም።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ? ፊትሽ ምነው?» ልጄ፣ እንዴት አደርሽ ሲሉኝ ነው።

እጄን ሆዴ ላይ ጭኜ፣ የማውቀውን ሁሉ አዋጥቼ «አዴ... ኡልፎፌ!» አልኳቸው።

ከበደኝ ማለቴ ነው። ለካ አረገዝኩ ብያለሁ!

«ዱጉማ?» አሉ፣ እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው። እኔም የተረዱልኝ መስሎኝ በጭንቅላቴ አዎ አዎ አልኩ። አዴ እልልታውን ለቀቁት። ከወፍጮ ቤት ሴቶቹ ተቀበሉ። አማቴ በርጩማቸውን ጥለው መጡ፣ አዴ ነገሯቸው። ያ የማይናገር ፊት አየሁት፣ እንደ ሊጥ ሲፈርስ። መሬት ላይ ተንበርክከው ሆዴን ሳሙት።

በይ አሁን ንገሪያቸው! የሳሙት የጩምቦ ክምር ነው በይ! እኔ አልቻልኩም።

ከዚያ መዓቱ መጣ። «ሁለት ነፍስ ነሽ፣ ብዪ!» ጩምቦው እጥፍ ሆነ። ገንፎ በቅቤ፣ አይብ በቅቤ። አማቴ በእጃቸው ያጎርሱኛል፤ እስከዚያ ቀን ስሜን እንኳን በወጉ አይጠሩኝም ነበር፣ አሁን «ዓለሜ» አሉኝ። እናቴ ከማዶ ቀርታ ዓለሜ የሚለኝ የጠፋብኝ ልጅ ነበርኩ፣ ያን ቃል እንዴት ልመልሰው? ደግሞም ከሣጥን ሥር አያትሽ የታዘለበትን አንቀልባ አወጡ። ደርቆ ነበር። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በቅቤ ያሹታል፣ ቆዳው እየለሰለሰ ሲመጣ ፈገግ ይላሉ። እኔ በመስኮት አያለሁ፣ አንጀቴ ይታጠፋል። ግማሹ በኃጢአቴ፣ ግማሹ በአይቡ።

እንደምንም «እማማ፣ ትንሽ ተልባ ባገኝ» አልኳቸው።

«ተልባ? በዚህ ወርሽ? ሽሉን ያሟልጭብሻል! ጓዳ እንዳትገቢ!»

መድኃኒቴን በገዛ አፌ ዘጋሁት። ቅዳሜ ደግሞ አያትሽ ሊመጣ ነው፣ የምሥራቹን ሊነግሩት።

ዓርብ ጠዋት አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ጓዳ ገባሁ። ጥሬውን ተልባ ከቅሉ በእፍኜ እየዛቅሁ እቅመዋለሁ፣ ጥርሴ ውስጥ ይንሸራተታል፣ አገጬ ላይ ይጣበቃል። አንድ እፍኝ፣ ሁለት እፍኝ። ሦስተኛውን ሳነሳ ብርሃኑ ጠቆረብኝ። አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ለካ ለእኔ ጠበል ሊቀዱ አስበው፣ ዕቃውን ረስተው ተመልሰዋል።

እጄን አዩት፣ አፌን አዩት።

«ልጄን...» አሉ። «የልጄን ልጅ ልታስወርጂው ነው? ምን በደልኩሽ?»

አፌ በተልባ እንደተሞላ አለቀስኩ። «እማማ፣ ልጅ የለም። እኔ ከባድ ነው ለማለት ነው... ሆዴ ደርቆ ነው። በሩ ይጮሃል፣ እርስዎ ያዩኛል፣ አፈርኩ...»

ወፍጮው ብቻ ዱብ ዱብ ይላል። ጆንያ ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸው አፈር ሲነካ አላነሱትም። ወደ አገሬ ይመልሱኛል ብዬ በልቤ ጓዜን መጠቅለል ጀመርኩ።

«ስንት ቀንሽ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ!» ከንፈራቸውን ነከሱ። ሊሰድቡኝ ነው ስል ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ማልቀስ ይሁን መሳቅ ያን ጊዜ አለየሁም፣ አሁንም አለየሁትም። ተነሱ፣ ምድጃ ላይ ተልባ ቆሉ፣ ወቀጡ፣ በሞቀ ውሃና በማር በጥብጠው ጣሳ ሙሉ አስጨለጡኝ። ሁለተኛም ጣሳ አስከተሉ። ከሰዓት በኋላ ሆዴ እንደ ሰኔ ደመና ማጉረምረም ጀመረ። እጄን ያዙኝና በመንደሩ ፊት፣ ልክ ለቁርባን እንደሚወስዱኝ፣ እስከ ቆርቆሮው በር ወሰዱኝ። በሩ ጮኸ። እሳቸው ግን አልሄዱም። ሙቀጫውን አስመጥተው ከውጭ ሆነው ባዶውን ይወቅጣሉ፣ ድው! ድው! በመሃል ጮክ ብለው ይስላሉ፣ እህህ! እህህ! የእኔ ድምፅ እንዳይሰማ ነዋ።

«እማማ፣ መንደሩ ምን ይለኛል?» አልኩ ከውስጥ።

«ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ! ሥራሽን ሥሪ።»

ሠራሁ። እግዜር ይስጣቸው፣ ሠራሁ።

ስወጣ አዴና ሴቶቹ አጥሩ ላይ ተደርድረዋል። አማቴ ቀና ብለው «እኔ ነኝ ቸኩዬ ያሳሳትኳችሁ። የአሮጊት ጆሮ ነው» አሉ። እኔን አላነሱኝም። ለአያትሽም ያንኑ ነገሩት። ማታ ግን አንቀልባውን ጠቅልለው ወደ ሣጥኑ ሲመልሱ አየሁ። በቅቤ የለሰለሰውን በመዳፋቸው አንዴ ዳበስ አድርገውታል። ከዚያ ወዲህ ወገቤን አይተው አያውቁም። ዓለሜ ማለቱን ግን አልተዉትም።

በሁለተኛው ዓመት አባትሽን ሳረግዝ እኔው ሄጄ ጆሯቸው ሥር «ኡልፎፌ» አልኳቸው። «ተልባውን ላምጣ?» አሉኝ፣ ተንኮለኛ! አንቀልባው ገና ልስልስ ነበር።

ኋላ እርጅና ጣላቸው። አጥሚት ብቻ ሲጠጡ ሆዳቸው ደረቀ። ቆላሁ፣ ወቀጥሁ፣ በጥብጬ አጠጣሁ፣ ደግፌ ወደዚያው በር ወሰድኳቸው። ላባ ያህል ነበሩ። ከውጭ ቆሜ «እማማ፣ ኡልፋታ ነው ወይስ ኡልፎፍቴ?» አልኳቸው። ሳቃቸው በቆርቆሮው ስንጥቅ ወጣ፣ ቀጭን፣ እንደ ልጅ። ዝናቡ ሳይገባ ቀበርናቸው።

ያን ቆርቆሮ በር አባትሽ ነቅሎ ሲጥለው አለቀስኩ። «አኮ ለሽንት ቤት በር ታለቅሳለች!» ብላችሁ ሳቃችሁብኝ። እናንተ ምን ታውቃላችሁ። ይኼ አዲሱ በር አይጮህም፣ ጥሩ ነው። ግን ከእሳቸው ወዲህ በር ላይ ቆሞ የሳለልኝ ሰው የለም።

ምን አልሽ? ዝም በይ አልሽኝ? እሺ፣ ዝም። ተልባሽ ደርሷል፣ ጣሳው እዚህ ደፉ ላይ ነው። ብቻ አልሄድም።

እህህ። እህህ።