የጀልባዋ መልስ

ደብረ ማርቆስ ላይ ጀልባ ጠግኛለሁ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ከተማችን ያላት ውሃ በቧንቧ የሚመጣው ነው፤ እሱም በፈረቃ። እኔም ሙያዬ የወፍጮ ሞተር ነውና ከጀልባ ጋር ምን አገናኘህ የሚለኝ ሰው አይፈረድበትም። ያገናኘን የአንድ ሰው ቃል ነው።

ጀልባዋ በተሳቢ ተጭና ነው የመጣችው። የገዛት ሰው ግንባታው ያላለቀ ሆቴል ነበረው፤ ጣና ዳር ዝጋ የወደቀች መሆኗንና ዋጋዋም የቁራጭ ብረት ዋጋ እንደነበር እየሳቀ ነግሮኛል። ግቢው ውስጥ ግንድ ደርድረው አስቀመጧት። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሁሉ ጎራ እያለ ያያታል። አንድ ዲያቆን “የኖኅ ዘመን ደረሰ መሰለኝ፣ ስትሳፈሩ አትርሱን” ብሎ አለፈ።

ሆዷ ወንፊት ሆኗል፣ ቀለሟ ረግፏል። ያም ሆኖ የወግ ዕቃ እንደነበረች ታስታውቅ ነበር። በንጉሡ ዘመን ለመኳንንት መንሸራሸሪያ ተብላ የተሠራች፣ መስተዋትና የእንጨት ወንበር ያለው ሳሎን የነበራት ናት። ኋላ ዘመን ሲከፋባት እህልና ማገዶ ስትጭን፣ ለንግሥ የሚሄድ ተሳላሚ ስታመላልስ ኖረች። ይህን ሁሉ የማውቀው ከአባቴ ነው። አባቴ የጣና ደሴት ልጅ ነው፤ በወጣትነቱ የዚችው ጀልባ ሞተሪስት ነበር።

እናቴን አግብቶ ወደ ማርቆስ ከመጣ ወዲህ ዕድሜውን ወፍጮ ቤት ጨረሰ። ሙያውን ያስተማረኝም እሱ ነው። ጀልባዋ የመጣች ጊዜ ዓይኑ እየከዳው ነበር። ሐኪሞቹ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም መሄዱ አይቀርም ብለውታል። ጀልባዋን ማየቴን ስነግረው ከተቀመጠበት ተነሳ። ከዚያ ጋቢውን አጣፍቶ “ውሰደኝ” አለኝ።

ሆዷን በእጁ እየዳበሰ ዞራት። አንድ ጠባሳ ላይ ሲደርስ ቆመና “እዚህ ጋ ድንጋይ መትቶን ነበር፣ ጥፋቱም የእኔ አልነበረም” አለ። እንዲህ ያለ ከንቱ ክርክር ከጀልባ ጋር ሲገጥም አይቼው አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

ባለ ሆቴሉ በልጅነቱ ዲማ አካባቢ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ ሰው ነው። ትምህርቱ ቢቀርበትም ቃል ማገላበጡ አልቀረበትም። አባቴን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው።

“አባባ፣ ለድካምዎ ምን ላድርግልዎ?”

“ክፍያውን ከልጄ ጋር ተነጋገሩ” አለ አባቴ። “እኔ የምፈልገው ወደ ውሃዋ ስትመለስ ከሞተሩ አጠገብ መቀመጥ ነው። ዓይኔ ሳይዘጋ የተወለድኩበትን ደሴት በእሷ ሆኜ ልየው።”

“ምን ችግር አለው” አለ ሰውየው እጁን እንደጨበጠ። “ይቺ እኮ ሙሽራ ናት። እናንተ ብቻ ኳሉልኝ፤ መልሷን ራሴ ነኝ የምደግሰው። ውሃ ላይ ያገኟታል፣ በክብርም ይቀመጡባታል።”

መልስ ማለት ሙሽራዋን ወደ ወላጆቿ ቤት መመለስ አይደል? አባቴ የሰማው ይህንኑ ነው። እኔ በወረቀት ይሁን ብዬ ነበር። አባቴ ግን “ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” አለና አፌን አስያዘኝ። እሱ ያደገበት አገር ሰው እንዲያ ይናገር ነበር፤ እኛ ያለንበት ግን ሌላ መሆኑን ማን ይንገረው?

ሥራው ከክረምት እስከ በጋ ያዘን። የቀጠርነው በያጅ የበሰበሰውን ላሜራ እየቆረጠ አዲስ ጣፈ። እኔና አባቴ ሞተሩን ፈታን። ሞተሩ የድሮ ነው፣ ብረቱ ያልተሰሰተበት፣ ገድለው ቢቀብሩት እንኳ የሚነሳ ዓይነት። ናፍጣ የሚረጨውን ፖምፓ ባሕር ዳር ልከን አስለካን። ፈተናው የናፍጣው መስመር ነበር፤ ናፍጣው የሚጠራቀምበት አሮጌው ሰልባቲዮ ዝጎ ስለተበሳ ሁሉን ነገር ከዜሮ መጀመር ነበረብን።

እኔ እንደለመድኩት ሰልባቲዮውን ልክ እንደ ወፍጮ ቤት ከፍ አድርጌ ግድግዳው ላይ ልሰቅለው ስል አባቴ ሳቀብኝ።

“ወፍጮ አይናወጥም” አለ። “ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ናፍጣው ወደ አንድ ጥግ ይሸሻል። ያን ጊዜ ቱቦው አየር ይስባል፣ ሞተሩም ባሕር መሐል ቀጥ ይልብሃል።”

ስለዚህ ዝቅ ያለ ሰልባቲዮ አሠራን፤ ናፍጣው እንዳይናጥ ውስጡን ቀዳዳ ባላቸው ላሜራዎች ከፋፈልነው። ብየዳውን አባቴ በጣቱ እየሄደበት መረመረው፤ አላመነም፣ አየር ነፍተንበት የሳሙና አረፋ ቀባነው። አንድ ቦታ አረፋው ሲነፋ “አላልኩህም?” ብሎ እንደ ልጅ ተደሰተ። ከሥሩ ውሃ ማውጫ ቧንቧ፣ ከላዩ ማዕበል እንዳይገባበት እንደ ከዘራ እጀታ የተቆለመመ መተንፈሻ አበጀንለት። ከዚያ የመዳብ ቱቦዎቹን ዘረጋን።

ሞተሩ ያልተጠቀመበትን ናፍጣ ወደ ሰልባቲዮው የሚመልሰውን ቀጭን ቱቦ በእኛ ሥራ መልስ እንለዋለን። የመጨረሻውን ብሎን አባቴ ራሱ አጠበቀና “የእሷን መልስ እኔ አሰርኩ፤ የሰውየው መልስ ነው የቀረው” አለ። ሳቅን። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያንገበግበኛል።

ናፍጣ እንደ ጠበል በወረፋ የሚገኝበት ጊዜ ነበር፤ ለምነን ትንሽ አገኘን። ለማቀዝቀዣው በርሜል ውሃ አቀረብን። አየሩ እንዲወጣ የፖምፓውን ብሎን አላልቼ ናፍጣውን በእጅ መግፋት ጀመርኩ። አረፋ እየቀላቀለ ሲፈስ ቆየና ንጹሕ ናፍጣ መጣ። ሞተሩ ሲነሳ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ አሳለ፣ ከዚያ ረጋ። አባቴ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ የምደብቀው ነገር የለም። ባለ ሆቴሉ ከደጅ ሆኖ ያጨበጭብ ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀረው ቀለም ነው፣ እናንተ ዕረፉ ተባልን። አባቴ ወደ ጣና ሊሄድ መሆኑን ለማኅበርተኛው ሁሉ ተናገረ። ሰውየውን ስጠይቀው “መንገዱ እስኪከፈት ነው” ይለኛል። መንገዱም እውነት አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ስለዚህ ውሸቱ ከእውነት ጋር ተደበላለቀብን። በዚህ መሐል የአባቴ ዓይን አልጠበቀም። በፋሲካ የኔን መልክ ይለይ ነበር፤ በፍልሰታ የሚለየኝ በድምፄ ሆነ።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። የጀልባዋ መልስ እሑድ ነው፣ አባባን ይዘህ ና ተባልኩ።

አባቴ ጢሙን ተላጨ፣ ነጭ ልብሱን ለበሰ። በትንሽ ቦርሳ ቅያሪ ልብስና ዳቦ ያዘ፤ ከጣና ውሃ የሚቀዳበት ባዶ ፕላስቲክም ጨመረበት። መኪናው ከሆቴሉ ደጅ የሚነሳ መስሎት ነው። እኔም መስሎኝ ነበር።

ግቢው በድንኳንና በሰው ተሞልቷል። ሥጋው ተሰቅሏል፣ ጠጁ ይቀዳል። ጀልባዋ በሲሚንቶ በተሠራ ገንዳ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ውሃው ከጉልበት አያልፍም፣ ዙሪያውን ባለ ቀለም አምፖል ተንጠልጥሎበታል። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ዓይን ስላለኝ ያዘንኩበት ጊዜ የለም። አባቴ ግን የውሃውን ሽታ ሰምቶ “ውሃ ላይ ናት እንዴ?” አለኝ።

ክንዴን እንደያዘ ጀልባዋ ላይ ወጣ። ወደ ሞተሩ ክፍል በእጁ እየመራኝ ወረደ። ሞተሩ የለም። ሰልባቲዮው የለም። በቦታው ለስላሳ መቀመጫ ተደርድሯል። ግድግዳውን ሲዳብስ ያን የቆለመምነውን መተንፈሻ አገኘው፤ የፕላስቲክ አበባ ሰክተውበታል። አበባውን ነቅሎ በጣቶቹ ደጋግሞ አሻሸው።

ባለ ሆቴሉ ጠርሙስ ይዞ መጣ። “አባባ፣ እንኳን ደህና መጡ” አለ።

“ሞተሩስ?” አለ አባቴ።

“አማኑኤል ከተማ ወፍጮ ከፍቼ ከነሰልባቲዮው እዚያ ተክዬዋለሁ። እንዲህ ያለ ሞተር ለጌጥ ይቀመጣል እንዴ?”

“ጣናስ?”

“ውሃ ላይ ያገኟታል አልኩ፤ ይኸው ውሃ ላይ ናት። መልሷን እደግሳለሁ አልኩ፤ ይኸው ደገስኩ። በክብር ይቀመጡባታል አልኩ፤ ይቀመጡ እንጂ። ጣና የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል?”

የተቀመጡት እንግዶች ሳቁ። አንዱማ “ቅኔ ነው!” ብሎ ጭኑን መታ። እኔ የሰውየውን ኮት ጨምድጄ ያዝኩ፤ የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። ያስለቀቀኝ አባቴ ነው።

“ተወው” አለኝ። “መልስ የሚደግሰው የሴት ወገን ነው። ወንዱ ራሱ እደግሳለሁ ሲል ልጅቱ እንደማትመለስ ማወቅ ነበረብኝ።”

ሳንበላ ወጣን። ቦርሳውን ልያዝልህ ስለው እምቢ አለ።

አሁን ጨርሶ አያይም። ስለ ጣናም አያነሳም። ባለፈው የአማኑኤሉ ወፍጮ ቆሞ ሰው እህሉን ይዞ ሲቸገር ተጠራሁ። ላለመሄድ ምዬ ነበር፤ ሰፈርተኛው ምን አጠፋ ብዬ ሄድኩ። የናፍጣው ማጣሪያ ፊልትሮ ቆሽሾ ነበር፣ ቀየርኩትና ሞተሩ ተነሳ። አባቴ ያጠበቀው መልስ አንድ ጠብታ አላንጠባጠበም።

ማታ ቤት ስገባ ከልብሴ ላይ ናፍጣውን አሸተተ። የየት ሞተር እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ በምን እንዳወቀ አላውቅም።

“ሰልባቲዮውስ?” አለኝ። “ይናወጣል?”

“አይናወጥም አባዬ። ሲሚንቶ ላይ ነው ያስቀመጡት።”

“እንግዲያ ያን ሁሉ የከፋፈልነው ለምን ነበር?” አለ።