የሊና ሁዳዴ

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ፣ ዓባይ ማዶ መንገድ ዳር አንድ ወጣት አሮጌ ውሻ በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፎ ባጃጅ ሲለምን አየሁ። ሁለቱ አይተውት አለፉ። ሦስተኛው ቆመና ከጋቢው ውስጥ የወጣውን አፍንጫ ሲያይ፣ "ወንድሜ፣ እኔ የምጭነው ሰው ነው" አለው። ልጁ በትከሻው ትንሽ ፔርሙስ አንጠልጥሏል። አላስችል ብሎኝ ምን እንደያዘ ጠየቅኩት።

"ወተት ነው ማዘር። ጥርስ የለውም። ሐኪሙ ጋ ወረፋ ካለ እንዳይርበው ብዬ ነው።"

ባለ ባጃጁ ሳቀ። "በሁዳዴ? ለውሻ?"

ከልጁ ይልቅ እኔ ተናደድኩ። "እኔም በዚያው ነኝ፣ ክፈትልን" ብዬ መጀመሪያ ገባሁ፤ ሽበቴን አፍሮ ጫነን። መንገዱን ሙሉ የውሻው አገጭ ጉልበቴ ላይ አርፎ ነበር። ሐሳቤ ሌላ ዘመን፣ ሌላ ውሻ ጋ ሄዶብኝ ነበር።

ያደግኩት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ በነበረ የፋብሪካ ሠራተኞች ሠፈር ነው። አባቴ የደብረ ብርሃን ሰው ነው፤ በመካኒክነት ተቀጥሮ መጥቶ በዚያው ቀረ። አብሮት ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ውሾቹን ለአባቴ ሰጠው፤ ወንዱ ሮኮ፣ ሴቷ ሊና ይባላሉ። ዘራቸው ግሬይሃውንድ ነው፣ ለሩጫ የተፈጠረ። እግራቸው ረጅም፣ ደረታቸው ጥልቅ፣ ወገባቸው በሁለት እጅ የሚታቀፍ፣ ጎድናቸው ከሩቅ የሚቆጠር ነበር። አባቴ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ሲለቃቸው ታንኳ የሚቀዝፉት ሰዎች ሳይቀሩ ሥራቸውን አቁመው ያዩዋቸው ነበር።

ሠፈራችን ግን ውበታቸው አልገባውም። ለእኛ አገር ሰው ደኅና ውሻ ማለት አንገቱ የወፈረ፣ ሲጮህ ግቢ የሚያናውጥ ነው። "ኧረ እናንተዬ፣ እግዜርን ፍሩ! ምን በደሏችሁ? አጥንታቸው እኮ ወጣ!" ይሉናል። አንዲት ጎረቤት እንዲያውም ትርፍራፊ በሳህን ይዘው እየመጡ፣ እኛን እየገላመጡ፣ በበራችን ላይ ያራግፉላቸው ነበር። የአባቴ መልስ አንድ ነው፤ "ዘራቸው ነው።" እናቴም "ዘራቸው ነው"፣ እኔም "ዘራቸው ነው" ስንል ኖርን። ከዓመታት በኋላ ሠፈሩ አመነንና ተወን።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስገባ ውሾቹ አርጅተው ነበር። የእነሱ እርጅና እንደሌላው ውሻ አይደለም። ቆዳቸው ስስ ነው፣ ከሥሩም ስብ የሚባል ነገር የለም። ሲሚንቶ ላይ ከተኙ ክርናቸው ይቆስላል፤ የክረምቱ ርጥበት ደግሞ አጥንታቸው ውስጥ ይገባል። ማንም ሳያዘኝ እንክብካቤያቸው በእኔ ላይ ወደቀ። አባቴ ከፋብሪካ የሚጣል ጥጥ በጆንያ ያመጣልኝ ነበር፤ እሱን ጠቅጥቄ ፍራሽ ሠራሁላቸው። አሮጌ ቡሉኮ ቀድጄ ሆዳቸው ሥር የሚታሰር ልብስ ሰፋሁ። ጥፍራቸውን አባቴ ራሱ በሞረድ ይሞርድላቸው ነበር፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ። ጎንበስ ማለት ሲያቅታቸው ሳህናቸውን ዱካ በምንለው በርጩማ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ጥርሳቸው ሲረግፍ ዳቦ በወተት አርሼ፣ ጉበት ቀቅዬ በሹካ አድቅቄ እሰጣቸው ጀመር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ሐይቁ ወስጄ ጉልበት በማይደርስ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አራምዳቸው ነበር። ሊና ከውሃው ስትወጣ አካሄዷ ቀለል ይላት ነበር፤ እኔም በዚያን ጊዜ የሚሰማኝን ደስታ በሌላ ነገር ብዙም አላገኘሁትም።

በዚያው ዓመት ክረምት እናቴ ታመመች። ከአልጋ ወደ አልጋ፣ ከጠበል ወደ ጠበል ተንከራተተች፤ ሐኪሞቹም ተስፋ የሚሰጥ ቃል አልነበራቸውም። አባቴ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መሳሉን ነገረን። እመቤቴ ሚስቴን ካተረፈችልኝ ሁዳዴን ሙሉ የፍስክ ነገር ከደጄ አይገባም ብሎ ነው የተሳለው። መስከረም ሲጠባ እናቴ ቀና አለች፤ በጥቅምት በእግሯ ቆመች። ስለቱ ሰመረ፤ እኔም እልል ብያለሁ።

ጾሙ ለቤታችን አዲስ አልነበረም። እስከዚያ ዓመት ድረስ ግን የውሾቹ ወተት በራሳቸው ጣሳ ለብቻው ይገባ ነበር። ጾሙ በተያዘበት ሰኞ አባቴ ወተት አመላላሿን ከበር መለሳት።

"አባዬ፣ ውሾቹስ?" አልኩት።

"የፍስክ ነገር አይገባም ብያለሁ። የውሻ ሲቀር ብዬ አልተሳልኩም።"

"እነሱን ምን አገባቸው በስለት?"

"በነነዌ ከብቱም እንስሳውም ጾሟል።"

"የነነዌው ሦስት ቀን ነው!"

በጥፊ ሊለኝ እጁን አነሣና መለሰው። እናቴ ከተቀመጠችበት፣ "ተይ ልጄ፣ ለእኔ ብሎ ነው" አለችኝ። እናቴን ከውሻ ጋር ላወዳድር? ዝም ማለቴ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሽሮ ሞከርኩ፤ ሆዳቸውን አበላሸው። ድንች ቀቀልኩ፣ ዳቦ በውሃ አራስኩ፤ አሽትተው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ሐይቁ ደጃችን ነው፣ ዓሣ አጥማጆቹም የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸው፤ አባቴ ግን በሁዳዴ ዓሣም ፍስክ ነው አለ። ከሳምንት ሳምንት ውሾቹ ከሱ። ማንም አላየም። ድሮም ጎድናቸው የሚቆጠር ውሾች መክሳታቸው በምን ይታወቃል? ደኅና ሳሉ ራባቸው ብሎ ሲያለቅስላቸው የኖረ ሠፈር፣ የእውነቱ ረሃብ ሲመጣ በአጠገባቸው ያልፍ ነበር።

ያየችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። እትዬ ዘሀራ በጓሮ በኩል አጥር ለአጥር የምንጎራበታቸው ሴት ነበሩ፤ ባላቸው ከይፋግ እህል እያመጡ ይነግዳሉ። አንድ ቀን ልብስ ሲያሰጡ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ።

"ሰማሽ ልጄ፣ ይቺ ውሻ የዛሬው እንኳ ዘሯ አይደለም። ትናንት ስትነሣ አየኋት፤ እግሯ ይንቀጠቀጣል።"

ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አሰብ አደረጉና፣ "ለልጆቼ መረቅ ጥጄ አተረፍሁ፤ እሱን አወጣልሻለሁ። ውሻዋን ግን ግቢዬ አላስገባትም፤ በእኛ ሃይማኖት ምራቋ ይከብደናል፣ አትቀየሚኝ" አሉ። የምን ቅያሜ! በእኛ ቤት መረቁ አይገባም፣ በእሳቸው ቤት ውሻው አይገባም። በሁለቱ አጥር መሐል አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ጥሻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱን ወደዚያ እወስዳለሁ፤ እትዬ ዘሀራ በጣሳ ያቀብሉኛል፤ ዳቦ እየነከርኩ በእጄ አጎርሳቸዋለሁ። የሊና ዓይን ጠራ። ሮኮም ጭራውን ማንቀሳቀስ ጀመረ።

ብዙ አልቆየም። አንድ እሑድ አባቴ ከቅዳሴ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ሰዎች በደጀ ሰላም ይዘውት ልጅህ በሁዳዴ ከእስላም ቤት የሥጋ መረቅ ትጠጣለች ብለውታል። ክርስቲያን በፍስኩም ቢሆን እስላም ያረደውን በማይቀምስበት አገር፣ በጾም ነው ሲባል ምን ያህል እንደሚከብድ ያገሬ ሰው ያውቀዋል። ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ባሕር ዛፍና ሽቦ አምጥቶ የጥሻውን መግቢያ መዝጋት ጀመረ።

"አባዬ፣ ለውሾቹ መሆኑን ታውቃለህ!"

"አውቃለሁ። ሰው ግን አያውቅም።"

"ይሞታሉ።"

"አይሞቱም። ድሮም ቀጭን ናቸው፣ ዘራቸው ነው። የፋሲካ ለታ የማደርግላቸውን ታያለሽ።"

ለሰው ስንመልሰው የኖርነውን ቃል ለእኔ መለሰልኝ። ያን ጊዜ የጠላሁትን ያህል አባቴን ጠልቼው አላውቅም። በማግሥቱ እትዬ ዘሀራ ከአጥሩ ማዶ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔ ለእንስሳ አዝኘ ነበር። አንችን ካሰደብሁሽ ይቅር በይኝ" አሉኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረበት ማን ነበር? እኔ አጥሩን ተደግፌ አለቀስኩ።

ሮኮ በመጋቢት ሙቀት፣ ጥጡ ፍራሽ ላይ እንደተኛ ሞተ። አባቴ ሐይቁ ዳር ቀበረው። "ዕድሜው ነው" አለ። የሊናን ብዙም ያልተነካ ሳህን ሳቀርብ ሳነሣ፣ ሳቀርብ ሳነሣ፣ ሆሣዕና መጣ፣ ስቅለት አለፈ። በመጨረሻው ሳምንት ከፍራሿ የምትነሣው እኔ ከሆዷ ሥር በነጠላ ደግፌያት ነበር።

ፋሲካ ነጋ። ስለቱ ተፈጸመ፣ እናቴ በሕይወት አለች፣ አባቴ በደስታ የሚሆነውን አጥቷል። በጉን አርዶ ከማንም በፊት ያሰበው ሊናን ነው፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል። ጉበቱን፣ ኩላሊቱን፣ ከላቱም ብዙ አድርጎ በቢላዋ ደቃቅ አድርጎ ከተፈ፤ ቅቤ ያለው መረቅ አፈሰሰበት። በትልቁ ሳፋ ሞልቶ ዱካው ላይ አኖረላትና፣ "እንኳን አደረሰሽ የኔ እመቤት" አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። "ትንሽ ትንሽ ይሁን" ብዬ ብለምነው፣ "ተያት፣ በቃ፣ ተፈታ!" አለኝ። ሊና ቆማ፣ እግሯ እየተብረከረከ፣ ሳፋውን እስክትልሰው ድረስ በላች። አባቴ ጀርባዋን እያሻሸ ይስቅ ነበር።

ቀትር ላይ ሆዷ ተነፋ። ሊያስመልሳት ይሞክራታል፣ አይወጣላትም። መተኛት አቃታት፤ አንገቷን ዘርግታ ቆማ ታየኛለች። ሆዷን በእጄ ብነካው ውጥር ብሏል። እንግዳው ይገባል ይወጣል፣ ሁሉም የሚለው "ጥጋብ ነው፣ ይለቃታል" ነው። ከዚያም ጉልበቷ ከዳትና ወደቀች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች። ደረተ ጥልቅ ውሻ፣ ያውም አርጅቶ የተራበ፣ በአንድ ጊዜ እንዲያ ከበላ ጨጓራው ተጠማዝዞ ሊገድለው እንደሚችል ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሊጠይቁን የመጡት ጎረቤቶች፣ እነዚያው ታስርባላችሁ ያሉን፣ "ምን ነካችሁ፣ እንዲህ ይቀለባል?" አሉን።

አባቴ አዘነ፣ ግን ወዲያው መጽናኛ አገኘ። "ጠግባ ነው የሞተች" አለ። ለእናቴ ነገራት፣ ለፋብሪካ ጓደኞቹ ነገራቸው። በተነገረ ቁጥር ታሪኩ እያማረ ሄደ፤ በመጨረሻ የአንድ ደግ ሰውና የአንዲት የታደለች ውሻ ወግ ሆነ። ስለቱን የተሳለው እሱ፣ የከፈሉት ሁለት አሮጌ እንስሳት መሆናቸው በወጉ ውስጥ የለም። እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖራ አለፈች። በስለቱ ይሁን በመድኃኒቱ እኔ አላውቅም፤ በመዳኗ ግን አንድም ቀን አልተጸጸትኩም፣ ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። የመረረኝ ሌላው ነው።

አባቴ አሁን ከእኔ ጋር ይኖራል። በጣም አርጅቷል፤ ጥርስ የለውም፣ ከአልጋው የማነሣው ደግፌ ነው። ንስሓ አባቱ ዘንድሮ በሕመሙ ምክንያት ከጾሙ ፈተውታል። የዚያን ዕለት ከባጃጁ ወርጄ ቤት ስገባ እንደ ሁልጊዜው ወተቱን አሙቄ፣ ዳቦ አርሼ አቀረብኩለት። ሲጎርስ እያየሁት ሳላስበው ጠየቅኩት።

"አባዬ፣ ሊናን ታስታውሳታለህ?"

ፊቱ በራ። "እንዴት እረሳታለሁ! ጠግባ የሞተች ውሻ!" አለና ሳቀ። አፉን በእጁ ጠረገ፤ ባዶውን ስኒ ወደ እኔ ዘረጋው። "ትንሽ ጨምሪልኝ እስቲ።"

ጨመርኩለት። ለፋሲካ ገና ብዙ ይቀራል።