ግልባጭ የበዛበት ሊንክ

ጂንካ ኢንተርኔት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ማርቆስ "ምን ትችላለህ?" አሉኝ። "የማልችለውን ቢጠይቁኝ ይቀላል" አልኳቸው። ከስምንተኛ ክፍል ጋር በሰላም የተለያየሁ ሰው ነኝ። ሳቁና መጥረጊያ ሰጡኝ። ጠርጌ ስጨርስ ፕሪንተሩ የነከሰውን ወረቀት አወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዕረጌ ቴክኒሻን ነው።

ስሜን ያገነነው ግን የወሌ ሊንክ ነው።

ወሌ የበና ልጅ ነው፤ ፈረንጆችን አልዱባና ቀይ አፈር ገበያ የሚያዞር አስጎብኚ። ለደንበኞቹ ከሚልከው ኢሜይል ሥር "ለመመለስ እዚህ ይጫኑ" የሚል ሊንክ አለ። ሲጫኑት አድራሻው የተሞላ ባዶ ደብዳቤ ይከፈታል፤ ጽፎ መላክ ብቻ ነው። ሊንኩን ያሠሩት የአስጎብኚዎች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ታደሰ ናቸው።

አንድ የገበያ ቀን ወሌ አቧራ ለብሶ መጣ።

"ደንበኞቼን ቀይ አፈር ላይ ከሌላ አስጎብኚ ጋር አገኘኋቸው። 'ሊንኩን ተጫንነው፣ አልሄድ አለን' አሉኝ። ሌላ ቡድን ደግሞ ዛሬ ነገ መልስ ይልክልኛል። እሱም ካመለጠኝ ሞተሬን እሸጣለሁ።"

ሊንኩን ከፍቼ አየሁት። ከወሌ አድራሻ ኋላ ሊቀመንበሩ፣ ምክትሉ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ግልባጭ እንዲደርሳቸው ተሰልፈዋል። ቢሮ ውስጥ ያረጀ ሰው ያለ ግልባጭ ሰላምታም አይሰጥም።

ችግሩ እዚያው ነበር። አንዱ የኢሜይል ፕሮግራም አድራሻዎቹ በኮማ ካልተለዩ አይልክም፤ ሌላው ኮማ ካየ ያኮርፋል። በሴሚኮለኑ ፋንታ ኮማ ሳደርግ የወሌ ስልክ ላይ ሠራ፤ ማኅበሩ ቢሮ ሄደን ስንሞክረው የአቶ ታደሰ ኮምፒውተር ላይ እምቢ አለ።

"እኔ ጋ እኮ ይሠራ ነበር፤ አበላሸኸው" አሉ አቶ ታደሰ።

"ጋሼ፣ ፈረንጁ እርስዎ ቢሮ መጥቶ አይጫንም። ግልባጩ ይነሳ።"

"ታዲያ ማኅበሩ በምን ያውቃል?"

ወሌ ቀደመኝ፦ "ፈረንጆቹን ይዤ በደጅዎ ሳልፍ ያዩኛላ።"

ወንበራቸውን ከኮምፒውተሩ ፈቀቅ ሲያደርጉልኝ እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። የወሌን አድራሻ ብቻ ተውኩ። ሊንኩ ለማይከፈትለት ሰው ብዬም ከሥሩ አድራሻውን በጽሑፍ አስቀመጥኩ። ወሌ ለቡድኑ እንደገና ላከ።

መልሱ በማግስቱ መጣ። የላከችው ሴትዮ ኢሜይሏን በድረ ገጽ ስለምትከፍትና ኮምፒውተሯ ላይ የኢሜይል ፕሮግራም ስላልነበረ ያ ድንቅ ሊንኬ ጭራሽ አልተከፈተላትም፤ አድራሻውን ቀድታ ነው የጻፈችው። ወሌ በሞተሩ መንገዳቸው ላይ ወዳለችው ወይጦ ድረስ ወርዶ ተቀበላቸው።

ሊንክ የምትሠሩ ልጆች፣ አንድ አድራሻ በቂ ነው። ከሥሩ በጽሑፍ ድገሙት። ከዚያ በሰው ስልክ ሞክሩት።