ባቡሩ እስኪያልፍ

ቃሊቲ፣ ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተንጋልዬ አፌን ከፍቻለሁ። መሰርሰሪያው ሲጮህ የተቃጠለ ቀንድ የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ እግሬ አላርፍ አለ።

ልጅ ሳለሁ፣ አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የተቦረቦረ ጥርሴን ሰርስረው የሞሉልኝ ድሬሰሩ ጋሽ ወርቁ ነበሩ። መሰርሰሪያቸው እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ነው።

«ጥርስ ላዩ ድንጋይ ቢመስልም መሃሉ ነፍስ አለው። ከተወራጨህ ነርቩን እነካዋለሁ» አሉኝ።

ባቡር ሲመጣ ግን ቤቱ ስለሚንቀጠቀጥ እግራቸውን ከፔዳሉ ያነሳሉ።

«ይለፍ» ይላሉ።

እኔም ፉርጎው ማለቂያ እንዳይኖረው እጸልያለሁ።

«ምነው፣ አመመዎት?» አለች ሐኪሟ መሰርሰሪያውን አቁማ።

ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። እሷም የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያዋን ፔዳል እንደገና ረገጠች። ያ ባቡር ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ እኔ ግን ጆሮዬን ቀስሬ እጠብቀዋለሁ።